ፓንሲዎቼ ቢጫ እየሆኑ ነው፣ ምን ልመግባቸው?

በአንድ የአትክልተኞች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን ክር፣ ማለትም የጥያቄና መልስ ሰንሰለት፣ የከፈተችው ሴት ጥያቄዋን አሳጥራ ነው ያቀረበችው። አበባ ያወጡ የፓንሲ ችግኞች ገዝታ ግቢዋ ውስጥ፣ በአጥሩ ግንብ ሥር ተክላለች። መጀመሪያ ላይ ሰው ቆሞ የሚያያቸው ነበሩ። ከዚያ ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ መጣ። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ተጨማደደ፣ አበባውም አነሰ። ማዳበሪያ ጨመረች፣ አልተሻላቸውም። ደግማ ጨመረች፣ ባሰባቸው። ጥያቄዋ ታዲያ የቱ ማዳበሪያ ይሻላል የሚል ነው። በሽታ ይሆን ወይ የሚለውን መጨረሻ ላይ ነካ አድርጋ አልፋዋለች።

ክሩን እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ። ረጅም ነው፣ መሀል ላይ መንገድ ይስታል፣ ሁለት ሰዎችም ለጠብ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ግን ስለ ፓንሲ ይህን ያህል ቁም ነገር አንድ ቦታ ተሰብስቦ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ በየቁጥሩ እተርከዋለሁ። ከመጀመሪያው የጠረጠርኩት ነገር ነበር፤ ፓንሲ ሲታመም ሁሉም ሰው ቅጠሉን ያያል፣ ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአፈር በታች ነው።

መልስ 1፦ ጨዋ ሰው ነው፣ እንኳን ደህና መጡ ብሎ ጀመረ። ምክር ከመስጠቱ በፊት ጠየቀ። መደቡ ፀሐይ የሚያገኘው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ውሃ የሚያጠጡት መቼና እንዴት ነው? ውሃው ይሰርጋል ወይስ ላዩ ላይ ይተኛል? ቢጫ የሆነው የታችኛው አሮጌ ቅጠል ነው ወይስ ከላይ ያለው ለጋው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ተራ ትመስላለች። የክሩ ቁልፍ ግን እሷ ነበረች።

መልስ 2፦ ይሄኛው ከላይ ያለውን አላነበበም። ቢጫ ማለት ረሃብ ነው፣ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ያድርጉባቸው፣ በሳምንት ይነሳሉ አለ። በዚሁ ተገላገለ።

መልስ 3፦ እዚህ ላይ ሥራዋን የምታውቅ ሴት ገባች። መልስ 2ን በትህትና ነው ያረመችው። ናይትሮጅን ሲያጥር ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል እየነጠቀ ለአዲሱ ይሰጣል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቢጫ የሚሆነው የታችኛው ነው። ብረት ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገባ በኋላ ንቅንቅ አይልም። እሱ ሲያጥር የሚገረጣው ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ነው፤ የቅጠሉ ደም ሥሮች አረንጓዴ እንደሆኑ መካከሉ ብቻ ቢጫ ይሆናል። እንግዲህ ቢጫው የት እንዳለ ሳይታወቅ ማዳበሪያ ማዘዝ በጭፍን መተኮስ ነው ማለቷ ነው። አክላም ናይትሮጅን የበዛበት ፓንሲ ግንዱ እንደሚመዘዝ፣ ቅጠሉ እንደሚለሰልስ፣ አበባው እንደሚያንስ ጻፈች። ለስላሳውን ቅጠል ደግሞ ክሽክሽ ይወደዋል።

መልስ 4፦ ትዝታ ይዞ መጣ። እናቱ በየጊዜው በደረጃው ግራና ቀኝ ፓንሲ ትተክል ነበር፤ ሙቀቱ ሲበረታ ግን አንድም አይተርፍም። ልጅ እያለ እናቱ ውሃ የረሳች ይመስለው ነበር። በኋላ ነው ፓንሲ የብርድ ወራት አበባ መሆኑን ያወቀው። የሚመቸው ቀኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ሌሊቱም ከዚያ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ሙቀቱ 30 አካባቢ ከደረሰና ከቆየ አበባው ይኮሰምናል፣ ግንዱ ይመዘዛል፣ ተክሉ ይዳከማል። ብርዱን ግን ይችለዋል። ውርጭ መትቶት ሌሊት ቅጠሉ የተንጋለለ ፓንሲ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲነካው ቀና ብሎ እንደሚቆም በዓይኑ አይቷል። ይህ እውነት ነው፤ በውርጭ የደረቀ መስሎት ነቅሎ የሚጥል ሰው ብዙ ነው።

መልስ 5፦ ጠያቂዋ ተመለሰች። ሁሉንም አመስግና የመልስ 1ን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መለሰች። መደቡ ጠዋት ጥላ ነው። ከቀትር በኋላ እስኪመሽ ፀሐይ ያርፍበታል፣ ግንቡም ይግላል። ውሃ የምታጠጣው በየቀኑ ማታ፣ በጎማ፣ ከላይ ነው። ቢጫ የሆነው ለጋው ቅጠል ነው፣ ደም ሥሩ ግን አረንጓዴ ነው። መልስ 3 ያለችው ነገር እዚህ ላይ ቁጭ አለ።

መልስ 6፦ ረጅም ነው፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው። ስለ ውሃ ነው የጻፈው። ፓንሲ እርጥበት ይወዳል፣ ረግረግ ግን ይገድለዋል አለ። በየቀኑ ማጠጣት የሚባል ሕግ የለም። ጣት አፈር ውስጥ ይገባል፤ ከላይ ሁለት ሴንቲሜትር ያህሉ ደርቆ ከሆነ ይጠጣል፣ ካልሆነ ይቆያል። በብርድ ጊዜ አፈር ውሃ ይዞ ስለሚቆይ በሙቀት ወራት የለመደ እጅ በዚያው ከቀጠለ ያሰምጠዋል። ሰዓቱ ጠዋት ነው፣ ውሃው የሚፈሰውም ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉና አበባው ላይ አይደለም። ማታ የራሰ ቅጠል ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ያድራል፣ ፈንገስና መሰሎቹ የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። ግራጫ ሻጋታው፣ በቅጠል ላይ ጥቁርና ወይን ጠጅ ነጠብጣብ የሚያወጣው በሽታ፣ ከቅጠሉ ሥር አመድማ ሻጋታ የሚያበቅለው ሚልዲው፣ ሁሉም በዚህ በር ነው የሚገቡት።

ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ፣ እኔም ሁለቴ አነበብኩት። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ከጠወለገ ጠምቶት አይደለም። ሥሩ አየር አጥቷል ወይም በስብሷል፣ ስለዚህ ያለውን ውሃ መሳብ አቅቶታል። ይህን የማያውቅ ሰው የጠወለገ ቅጠል ሲያይ ውሃ ይጨምራል። ቢጫ ሲያይ ደግሞ ማዳበሪያ ይጨምራል። ሁለቱም የታመመውን ሥር ይጨርሱታል፤ ማዳበሪያው በተጎዳ ሥር ላይ ጨው ማከማቸት ነውና።

መልስ 7፦ ከመልስ 6 ጋር እስማማለሁ የሚል አንድ መስመር። በየክሩ አንድ አይጠፋም።

መልስ 8፦ እዚህ ላይ ወሬው መንሸራተት ጀመረ። ሰውዬው ፓንሲን የአንድ ወቅት አበባ ማለት ስድብ ነው ብሎ ተነሳ። የእሱ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፣ እንደገና ተክሏቸው አያውቅም።

መልስ 9፦ መልስ 8ን ሳያስከፋ አረመው። ፓንሲ በተፈጥሮው ዕድሜው አጭር ቢሆንም ከዓመት በላይ የሚኖር ተክል ነው፤ ሰው በአንድ ወቅት የሚጨርሰው ሙቀት ስለሚያደክመው ነው። ግን የመልስ 8 ፓንሲዎች ምናልባት እነዚያው አይደሉም፣ ልጆቻቸው ናቸው። የዘር ፍሬው መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ ይቆያል። ሲበስል ቀና ይልና በሦስት ተከፍሎ ዘሩን ራቅ አድርጎ ያስፈነጥራል። አጠገቡ ያለውን ጠጠር መንገድ ይመልከቱ፣ ችግኝ ያገኛሉ አለው። መልስ 8 ሄዶ አይቶ መሆን አለበት፣ ለጊዜው ዝም አለ።

መልስ 10፦ የታሪክ ሰው መጣ። ይህ ሁሉ ባለ ፊት አበባ የተገኘው ከጥቃቅኗ የዱር ፓንሲ መሆኑን አስረዳ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1810ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ሌዲ ሜሪ ኤልዛቤት ቤኔት የምትባል ወይዘሪት የዱሩን አበባ በየዓይነቱ ሰብስባ በአባቷ ግቢ ታራባ ጀመር። በዚያው ሰሞን ሎርድ ጋምቢየር የሚባል የባሕር ኃይል ሹምና አትክልተኛው ዊልያም ቶምፕሰን ሌሎች ዝርያዎችን እያዳቀሉ አበባውን አተለቁት። የዱሩ አበባ ላይ የነበሩት ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ለንብ ወደ ማሩ መንገድ የሚጠቁሙ ናቸው። በ1830ዎቹ መጨረሻ ቶምፕሰን እጅ ላይ መስመሮቹ ተዋህደው አንድ ጥቁር ነጥብ የሆኑበት አበባ ተገኘ። ዛሬ ፊት የምንለው እሱ ነው። የአትክልቱ ፓንሲ ሳይንሳዊ ስም ቪዮላ ዊትሮኪያና ሲሆን፣ መጠሪያውን ያገኘው የፓንሲን ታሪክ ካጠናው ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ ከቪት ዊትሮክ ነው።

መልስ 11፦ ሴትዮዋ ተክሏ እየሞተባት የሎርድ ታሪክ ምን ይሠራላታል ብሎ ቆጣ አለ። ነጥብ አለው። እኔ ግን መልስ 10ን ወድጄዋለሁ።

መልስ 12፦ ጠያቂዋ ደግማ ገባች፣ ውሃውን ወደ ጠዋት እንደምታዞር ቃል ገባች። እግረ መንገዷን ደግሞ ሌላ ነገር ጠየቀች። ማታ ማታ ቀንድ አውጣ አበባውን ይበላባታል። እስካሁን በየሳምንቱ በየተክሉ ዙሪያ የእንጨት አመድ ስትነሰንስ ቆይታለች፣ የተሻለ መላ ካለ ንገሩኝ አለች። አመዱን እንደ ተራ ነገር ነው የጠቀሰችው።

መልስ 13፦ ጉድ ፈላ። መልስ 3ን የጻፈችው ሴት ናት፣ ትህትናዋን በሩ ላይ ጥላ ነው የገባች። አመድ! ለምን ከመጀመሪያው አልነገሩንም? አስራ ሁለት መልስ ሙሉ በጨለማ ስንዳክር ነበር አለች። አመድ ኖራነት አለው፣ የአፈሩን ፒኤች፣ ማለትም አሲዳምነቱ ሲቀንስ የሚያድገውን ቁጥር፣ ወደ ላይ ይገፋዋል። ፓንሲ ደግሞ አሲዳማ አፈር ነው የሚፈልገው። ለገበያ የሚያለሙ ሰዎች በአበባ ማሰሮ አፈር ላይ ከ5.4 እስከ 5.8 ያቆዩታል፤ ከ6 ሲያልፍ ችግር ይጀምራል። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ሥሩ ግን ሊወስደው አይችልም፤ ተቆልፏል። ቦሮን የሚባለውም ንጥረ ነገር እንዲሁ ይያዛል። የለጋው ቅጠል መጨማደድና መጠንከር የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መደቡ ላይ ማዳበሪያ ቢቆለል ተክሉ እየተራበ ነው የሚኖረው። ግንቡ በኖራ የተቀባ ወይም በሲሚንቶ የተለሰነ ከሆነ ደግሞ ከላዩ የሚታጠበው ውሃ በዚያው ላይ ይጨምርበታል።

መልስ 14፦ ሰው የአመድን ስም ሲያነሱበት ይቆጣል ለካ። ይሄኛው አያቱ ለጎመኑ ሁሉ አመድ ያደርጉ እንደነበር፣ ጎመኑም ወገብ ይደርስ እንደነበር ተናገረ። ከመጽሐፍ የሚያወሩ ሰዎች መሬት ነክተው አያውቁም ብሎም ወጋ አደረገ።

መልስ 15፦ አያትዎ ልክ ናቸው፣ እርስዎ ነዎት የተሳሳቱት አለው። ጎመን ከገለልተኛ እስከ ትንሽ ኖራማ የሆነ አፈር ይስማማዋል፤ ሥሩን የሚያሳብጠው በሽታም ፒኤች ሲጨምር ይቀንሳል። ፓንሲ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቲየላቪዮፕሲስ የሚባል ፈንገስ አለ፣ ጥቁር የሥር አበስብስ በሽታን የሚያመጣው። እሱ እርጥብ፣ ቀዝቃዛና ፒኤቹ ከፍ ያለ አፈር ሲያገኝ ይፈነጫል። ከላይ ሲታይ የተራበ ተክል ይመስላል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይቀነጭራል። የሚለየው ሥሩን በማየት ብቻ ነው። ለጠያቂዋም፣ አንዱን ተክል በጥንቃቄ ያውጡ፣ ሥሩን ባልዲ ውሃ ውስጥ እያወዛወዙ አፈሩን ያስለቅቁ አላት። ጤነኛ ሥር ነጭ ነው። በነጩ ሥር ላይ ጥቁር ቁርጥራጭ ካዩ እሱ ነው። በእጅ ሲጎተት ቆዳው እንደ ካልሲ ወልቆ መሀሉ ክር ብቻ ከቀረ ደግሞ ምናልባት ሌላ ፈንገስ መሰል ተሕዋስ፣ ፒቲየም ነው። ከዚያም ስለ ቀንድ አውጣው በሁለት ዓረፍተ ነገር መለሰ። አመድ የሚሠራው ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው፤ በየማታው በጎማ የሚራስ መደብ ላይ አንድ ሌሊትም አያገለግልም፣ ታጥቦ አፈር ውስጥ ነው የሚገባው። ማታ ማጠጣቱ ሲቀር ቀንድ አውጣውም ግማሽ መንገድ ይቀንሳል፣ የቀረውን ሲመሽ በባትሪ መልቀም ወይም ቀንድ አውጣ የሚገድለውን የብረት ፎስፌት ፍሬ መበተን ነው።

መልስ 16፦ ኖራውን በኮምጣጤ መምታት ነዋ! አንድ ኩባያ ለአንድ ባልዲ፣ በየሳምንቱ። የጻፈው ሰው በራሱ እጅግ ይተማመናል።

መልስ 17፦ አይሆንም አለች መልስ 3። የኮምጣጤን አሲድ አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት በቀናት ይበሉታል፣ ፒኤቹ ተመልሶ እዚያው ነው። በዛ ከተደረገ ደግሞ ሥር ያቃጥላል፤ ጠንከር ያለው ኮምጣጤ አረም ማጥፊያ ተደርጎ የሚረጨው ያለ ምክንያት አይደለም። ፒኤች በትክክል ለማውረድ ድኝ አለ። ግን ድኙን ወደ አሲድ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፣ በቀዝቃዛ አፈር ደግሞ ይባስ ይዘገያል። ለጊዜው ማስታገሻ ኪሌት የተደረገ፣ ማለትም አፈር እንዳይቆልፈው በሌላ ውህድ የታሰረ ብረት መስጠት ይቻላል። እዚህ ላይ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው፤ ኢዲቲኤ የሚለው ፒኤች ከ6.5 ሲያልፍ ብዙ አይረዳም፣ ኢዲዲኤችኤ የሚለው ግን ኖራማ አፈርም ላይ ይሠራል። ሥሩ ከበሰበሰ ግን ይህም ከንቱ ነው፣ የሚወስደው የለም።

መልስ 18፦ ከረግረግ የሚወጣውን የፒት አፈር ቀላቅሉበት፣ አሲዳማ ነው አለ። በዚያው ትንፋሹ ደግሞ ፒት መጠቀም ረግረጋማ ቦታዎችን እንደሚያወድም ተናግሮ ራሱን ተቃወመ። ሌላ ሰው እንዲቃወመው ዕድል አልሰጠም።

መልስ 19፦ የኮምጣጤው ሰው ተመለሰ። እስካሁን በክሩ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ በጨዋ ደንብ ሲነጋገር ነበር፤ እሱም ራሱ መልስ 3ን እርስዎ ሲላት ቆይቷል። አሁን አንቺ አላት። የፒኤች መለኪያ ገዝተሽ ሁሉን የምታውቂ መሰለሽ አይነት ነገር ጻፈ። እርስዎ ወደ አንቺ ሲወርድ ክር እንደማይድን አውቃለሁና ልተወው ነበር።

መልስ 20፦ አወያዩ ደረሰ። ሁለት መስመር ብቻ። ስለ አበባው ጻፉ፣ ስለ ሰው አትጻፉ። የመልስ 19 ግማሹም ተቆረጠ።

መልስ 21፦ ከዚህ ሁሉ ጩኸት በኋላ አንዲት ሴት ዝግ ብላ ገብታ ማንም ያላነሳውን አነሳች። ጤነኛ ለሆኑት ፓንሲዎች ምን እናድርግ? የእሷ መልስ መቀስ ነው። የጠወለገ አበባ ዘር ከመያዙ በፊት ይወገዳል፤ ተክሉ ዘር ማብሰል ከጀመረ አበባ ማውጣቱን ይተዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አበባውን ብቻ ቀንጥሶ ጭራውን ስለሚተው ነው። ጣት ጭራውን ተከትሎ እስከ ግንዱ ድረስ ይወርድና እዚያ ይቀነጥሰዋል። ተክሉ ተመዝዞ መሀሉ ባዶ ከሆነ ደግሞ ርኅራኄ አያስፈልግም፣ ከቁመቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ ይቆረጣል፣ ጥቂት ቅጠል ግን ይተውለታል። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ከታች አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ሁሉንም በአንድ ቀን ከመቁረጥ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ ማድረግ ይሻላል፣ መደቡ ራቁቱን አይቀርም። ምግቡም ቀላል ነው፤ ፈሳሽ ማዳበሪያ በግማሽ ጉልበት፣ በሁለት ሳምንት አንዴ። አፈሩ ብርድ ከሆነ ናይትሮጅኑ በናይትሬት መልክ ያለበት ይመረጣል። አተካከሉ ላይም አንድ ነገር አለች፣ ችግኙ ዕቃው ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አይቀበርም። አንገቱ የተቀበረ ፓንሲ ከዚያው ይበሰብሳል። በተክልና በተክል መካከል ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይተዋል፣ ነፋስ እንዲያልፍ።

በፎቶ የሚታዩት የሷ ፓንሲዎች አስቀኑኝ።

መልስ 22 እና 23፦ ስለ ዘር። አንደኛው ዘሩ አልበቅል ብሎት በሙቀት መስጫ ላይ አስቀምጦት ነበር፣ አንድም አልወጣም። ሁለተኛው ምክንያቱን ነገረው፤ የፓንሲ ዘር ሙቀት ሲበዛበት ቁልፍ ብሎ ይተኛል። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ በቂው ነው። ጨለማም ይወዳል፣ በስሱ አፈር ተሸፍኖ ይቀመጣል። በሁለት ሳምንት አካባቢ ብቅ ሲል ወዲያው ወደ ብርሃንና ወደ ቀዝቃዛ ቦታ መውጣት አለበት፣ አለዚያ ይመዘዛል። ከዘር እስከ አበባ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። ኤፍ 1 ከሚባሉት ድቅሎች ዘር ለቅሞ መዝራት ይቻላል፣ ግን የሚወጣው እናቱን አይመስልም። እንዲያውም ደስ የሚለው እሱ ነው አለ፣ እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ።

መልስ 24 እስከ 26፦ አበባው ይበላል ወይ? ሁለት ሰው ተንጋግቶ መለሰ፣ እነሱን አንድ ላይ ልጠቅልላቸው። መድኃኒት ያልተረጨበት ከሆነ ይበላል። ከችግኝ ጣቢያ የተገዛው ምን እንደተረጨበት ስለማይታወቅ አይበላም። የአፍሪካ ቫዮሌት የሚባለው የቤት ውስጥ ተክል ደግሞ በስም እንጂ በዘር ዘመዱ አይደለም፣ እሱን ለምግብ አታድርጉት።

መልስ 27፦ ሰዓታችሁን አታባክኑ፣ የፓንሲን ትንሽ ዘመድ ቪዮላን ትከሉ አለ አንዱ። አበባዋ ትንሽ ነች፣ ግን ትበዛለች። ዝናብ ሲደበድባት የፓንሲ ትልቁ አበባ ተለጥፎ ሲቀር እሷ ቶሎ ትነሳለች፣ ሙቀትም ትንሽ ትችላለች። ምክሩ ትክክል ነው። ቃናው ግን ፓንሲ የሚወድ ሰው ሁሉ ሞኝ ነው የሚል ስለነበረ ማንም አላመሰገነውም።

መልስ 28፦ ጠያቂዋ ከቆየች በኋላ መጣች። አንዱን ነቅላ ሥሩን አጥባለች፣ ፎቶም አለ። ነጩ ሥር ላይ ጥቁር ቁርጥራጭ፣ ግማሹ ጨርሶ የለም። መልስ 15 እንደገለጸው ነው። ሁለት ሌላም አይታለች፣ ያው ነው። አሁን ጥያቄዋ ተቀየረ፤ መድኃኒት አለው ወይ?

መልስ 29፦ መልስ 15 ነው። የታመሙት አይድኑም፣ ነቅለው በከረጢት ያስወግዷቸው፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳይጨምሯቸው። ፈንገሱ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ መቆየት ይችላል፣ ስለዚህ እዚያ መደብ ላይ ለተወሰኑ ዓመታት ፓንሲም ቪዮላም አይተከልም። ሌላ የማይጠቃ ነገር ይትከሉበት። ፓንሲውን ግን ማሰሮ ላይ ይያዙት፣ ታችኛው የተበሳ፣ አዲስ የማሰሮ አፈር፣ አመድ የሚባል ነገር በአጠገቡ ሳያልፍ። የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ጥላ የሚያገኝበት ቦታ ማሰሮውን ማዞር ይቻላል፣ ግንብ ማዞር ግን አይቻልም። ገና ጤነኛ የሚመስሉትን ወደ ማሰሮ ላዛውር ወይ ብላ ከጠየቀች አይሆንም፣ በሽታውን ይዘው ነው የሚሄዱት። ሲገዙም ችግኙን ከዕቃው አውጥተው ሥሩን ይዩ፣ ሻጩ ይቆጣ። መልስ 2 ካለው የናይትሮጅን ምክር ጋር ስሙን አንስቶ መጣላት ሲችል አላደረገውም፣ ይህን አደንቃለሁ።

መልስ 30፦ ጠያቂዋ አሮጌ ማሰሮዎች አሏት፣ ከዚህ በፊት ፓንሲ የነበረባቸውም አሉ። በምን ላጥባቸው?

መልስ 31፦ በረኪና፣ አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ከግማሽ ሰዓት ላላነሰ ይዘፍዘፉ፣ ከዚያ ይለቅለቁ አለ አንዱ።

መልስ 32፦ የኮምጣጤው ሰው። በረኪናው ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ጣል ቢደረግበት ጉልበቱ ይጨምራል አለ።

መልስ 33፦ በፍጹም! መልስ 3 ናት፣ በዚህኛው ጊዜ አወያዩም አልተቆጣትም። በረኪና ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው ይገድላል። አወያዩን ጠርታ መልስ 32ን እንዲያነሳው ጠየቀች፣ ወዲያው ተነሳ። ከዚያ ለጠያቂዋ ጻፈች፤ ማሰሮዎቹን ከመዘፍዘፍዎ በፊት በብሩሽ ፈግፍገው አፈሩን ሙሉ በሙሉ ያስለቅቁ፣ በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲወድቅ ቶሎ ጉልበቱን ያጣል። ደጅ ላይ ይሥሩት፣ ጓንት ያድርጉ። ለቅልቀው ፀሐይ ላይ ያድርቋቸው፣ ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ አፈር አይሙሉባቸው።